ለጣሪያ ውሃ የምን ፈቃድ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጣሪያ አሸንዳ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ግንቦት ሲጋመስ ሥራ ይበዛል። ዘንድሮ ግን ብዙ ደንበኛ ከዋጋ በፊት የሚጠይቀኝ «ለዝናብ ውሃ ሮቶ ባስቀምጥ ይከለክሉኛል?» ብሎ ነው።

ፍርሃቱ ዝም ብሎ አልመጣም። አምና ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ አንዲት እናት የሮቶ ማቆሚያ ስንበይድ፣ ከአንድ ቢሮ የመጡ ሰው «ፈቃድ አምጪ» አሏት። የግንባታ ይሁን የውሃ አልነገሯትም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላካት፣ ያኛው መልሶ ላካት። በዚህ መሃል ክረምቱ አለቀ።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁን፣ ቁጥር 197/1992ን፣ ፈልጌ አነበብኩት። የውሃ ሀብት የሚለው የገጸ ምድርና የከርሰ ምድር ውሃን ነው። በእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀም እንኳ ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል። ታዲያ ከገዛ ቆርቆሮዋ የሚወርደውን ውሃ ብታጠራቅም ምን ታጠፋለች?

ደግሞ ውሃው ትንሽ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ቤት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከጣለ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ይወርዳል። የእኛ ከተማ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ቧንቧ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ልብስ ማጠቢያውም የመጸዳጃ ቤቱም ከዚህ ይሸፈናል።

ቁጥጥር አይኑር አላልኩም። 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው፤ ማቆሚያው ከላላ ሰው ይጎዳል። ክዳን የሌለው በርሜል ትንኝ ያራባል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ነው የሚወርደው። ለዚህ እኔ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚዞር ጎሚቶ (የታጠፈ የቱቦ መጋጠሚያ) እገጥማለሁ። ውሃው እስኪጠራ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ሲጠራ ወደ ሮቶው ይዞራል። አፉ ላይ ወንፊት አለው። ለመጠጥ ከሆነ ግን መፍላት አለበት፤ ይህን ለሁሉም እናገራለሁ።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መሬት ላይ ለሚቀመጥ በርሜልና ሮቶ ፈቃድ እንደማይጠየቅ፣ ከፍ ላለ ማቆሚያና ተቆፍሮ ለሚሠራ ታንከር ደግሞ ማን እንደሚያይና ምን እንደሚያስከፍል ይጻፍበት። በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ሰኔ ሳይገባ ቢደርስልን የዘንድሮውን ዝናብ እንይዘዋለን።

አሸንዳ ሠሪው፣ ከደብረ ማርቆስ