እትዬ፣ ዩኒፎርሙን በነፃ አትስጡት

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርማችኋል? ክረምቱ እየገባ ነው፤ የደሴ ብርድ፣ ያ የጦሳ ተራራ ብርድ፣ እማዬን እንዳይጎዳት አደራ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ዩኒፎርም ማሰፋት አቅቷቸው የተቸገሩ ወላጆች አሉ አልሽኝ። ኮሚቴያችሁም አሮጌውን ሰብስቦ በነፃ ሊያድል አስቧል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን እባክሽ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

ዘንድሮ በልጄ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚካሄደውን የልባሽ ዕቃ ሽያጭ ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። በፈቃደኝነት ነው፣ ክፍያ የለውም። እዚህም ዩኒፎርም ለብዙ ቤት ሸክም ነው። እንዲያውም በፈረንጆቹ 2021 ስለ ዩኒፎርም ወጪ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከሱ ተከትሎ የመጣው መመሪያ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ዩኒፎርም ለወላጆች እንዲያቀርቡ ይላል።

የኛ ትምህርት ቤት በፊት የሞከረው እናንተ ያሰባችሁትን ነበር። ቢሮው በር ላይ «በነፃ ውሰዱ» የሚል ሣጥን ተቀመጠ። ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ የሚነካው ግን የለም። ሰው እያየው ማን ጎንበስ ይላል? ይሉኝታ እዚህም አለ፣ እትዬ።

ያንኑ ልብስ አጥበን፣ ተኩሰን፣ 1 ፓውንድ ለጥፈን ጠረጴዛ ላይ ስናወጣው ወዲያው አለቀ። አንዲት እናት ሹራቡን ገልብጣ ስፌቱን አየች። ክርኑን በጣቷ ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተሸች። አንገቱ ላይ የሌላ ልጅ ስም ተሰፍቷል። «ይሄ ይተረተራል?» አለችኝ። በመርፌ ጫፍ እንደሚተረተር አሳየኋት። ሁለት መረጠች፣ በኩፖን ከፈለችና ለልጇ አሸከመችው። ገዝታ ነው የሄደችው። ያቺ ሴት ሣጥኑን ስንት ጊዜ አልፋው እንደሄደች አላህ ይወቅ።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ተፈናቃዩ በየትምህርት ቤቱ ሲያድር ደሴ ልብሷን አውጥታ ሰጥታለች። ያኔ የተቀበለውም አላፈረም፤ መከራው የጋራ ነበር። ዛሬ ግን ችግሩ በየጓዳው ነው። የጓዳ ችግር ሰልፍ አይወጣም።

ስለዚህ ሽጡት። ዋጋው የአንድ ሲኒ ሻይ ቢሆን ይበቃል። ያንን እንኳ ለማይችል ደግሞ እኛ ያደረግነውን አድርጉ። በር ላይ ኩፖን እንሸጣለን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ኩፖን ብቻ ነው። የተቸገረውን የክፍል አስተማሪው ያውቀዋል፤ ቀደም ብሎ ለብቻው ኩፖን ይሰጠዋል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ማን ከፍሎ ማን በነፃ እንዳገኘ አይታወቅም። ከሁሉም የወደድኩት ይሄንን ነው።

ሥራው ያለው መለየቱ ላይ ነው። ሰው ደግ ነው፣ ግን የተቀደደውንም፣ ዚፑ የተበላሸውንም አብሮ ያመጣል። ስትረከቡ እዚያው ፈትሹት። ለልጅሽ የማታለብሺውን አትቀበይ። እዚህ ልኩ በዕድሜ ተጽፎበታል፤ እዚያ ልብስ ሰፊ የሰፋው ስለሆነ በክፍል ለዩት፣ የአንደኛ ለብቻ፣ የሁለተኛ ለብቻ። ጫማም ካለ ጥንድ ጥንዱን በክር እሰሩት፤ አለዚያ ቀኑ በፍለጋ ያልቃል።

ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም። እኛ ጋ በር ሳይከፈት ቆሞ ጠበቀንና ሁሉንም ባንድ ላይ ልግዛ አለ። የመጀመሪያው ሰዓት ለተማሪ ወላጅ ብቻ ነው ብለን መለስነው። እናንተም ይሄን በር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ሳልባጅ ነጋዴው ወሬውን መስማቱ አይቀርም።

ሰው ስትጠይቂ «ማን ያግዘኛል?» አትበይ፣ ሁሉም ዝም ይላል። «አንቺ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ኩፖን ትሸጪያለሽ» በያት፣ እሺ ትላለች። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከቅሬው፣ ከዕድሩ ማለቴ ነው፣ ተዋሱ። የቅሬው ሴቶች ለሃዘን ቤት አንድ ሌሊት ውስጥ ምን እንደሚያደርሱ ታውቂያለሽ፤ ይሄ ለነሱ ከባድ አይደለም።

ጳጉሜ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ወላጅ ልብስ ሰፊ ጋ ሳይሄድ። ግን ርዕሰ መምህሩን አሁኑኑ አናግሩት። ለመጪው ዓመት የዩኒፎርሙን ቀለም ሊቀይሩ ካሰቡ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

የሳሙናውን፣ የክሩንና የቁልፉን ወጪ እኔ እልካለሁ። ልብስ ሰፊው አሁን ለአንድ ልጅ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ዋጋውን አብረን እንወስናለን። አብሽሪ፣ ትችይዋለሽ።

እህትሽ