የቁምስናው ጸሐፊ ለሆነችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ባሕር ዳር

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የካቶሊክ ቁምስናችሁ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆነሽ መመረጥሽን ሰምተን ደስ ብሎናል። «ቃለ ጉባኤ ከመያዝ ሌላ ቁምስና ምን ሥራ አለው?» ያልሽው ግን በስልክ የሚመለስ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ቁምስና ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ግቢውና ቆሞሱ፣ ማለት ኃላፊው ካህን፣ ነው። እኛ የምንመራበት የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ በቁጥር 279 የሚለው ሌላ ነው፦ በሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የቆመ፣ እረኝነቱ ለቆሞስ የተሰጠ የምእመናን ማኅበረሰብ። ሕንፃው ቢፈርስ ቁምስናው አይፈርስም። እንደ ደንቡ ወሰን ስላለውም እሑድ ለቅዳሴ የሚመጣው ብቻ ሳይሆን፣ ዓመት ሙሉ ደጁን ያልረገጠው የአካባቢው ካቶሊክም የቁምስናው ነው። እንግዲህ የስብሰባችሁ የመጀመሪያ አጀንዳ ሁልጊዜ የጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። «ማን ጠፋ? ማን ታመመ?» ይቅደም።

ሕጉ የቆሞሱን ሥራ ማስተማር፣ መቀደስና መምራት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል (ቁ. 289)። የሐዋርያዊ ሥራና የገንዘብ ምክር ቤቶች እንዲኖሩም ያዛል (ቁ. 295)። ምክር ቤት የቆሞሱ አማካሪ እንጂ አለቃው አይደለም፤ የጭብጨባ ቡድኑም አይደለም። ሁለቱንም ስሕተት ታያለሽ።

አንቺ እጅ ላይ የሚወድቀው ዋናው ነገር መዝገብ ነው፤ ይህን ሰው እንደ ቢሮ ሥራ ይንቀዋል። የጥምቀት መዝገብ የተጠማቂውን፣ የአጥማቂውን፣ የወላጆቹን፣ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቦታ፣ የተጠመቀበትን ቦታና ቀን፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት (የግእዝ ወይስ የላቲን) አባል እንደሆነም መያዝ አለበት (ቁ. 689)። እኛ አገር የሚያሳስተው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ስም ነው፦ ዓለማዊውንና የክርስትና ስሙን ለየብቻ፣ ከአያት ጋር ጻፊ፤ እናቲቱንም ከነአባቷና ከነአያቷ። «ወለተ ማርያም» ብቻ ተብላ የተመዘገበች ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ የጋብቻ ወረቀት ልትጠይቅ ስትመጣ ማን ያውቃታል? ሁለተኛው ዘመን ነው፤ «2010» ብሎ መተው ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አይታወቅም፣ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሦስተኛው ሜሮን ነው። በግእዝ ሥርዓት ሕፃኑ ሲጠመቅ ሜሮንም ይቀባል። ከወላይታ ወይም ከከምባታ የመጣ የላቲን ሥርዓት ቤተሰብ ግን ሜሮን ልጁ ካደገ በኋላ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ልጁ አገሩ ሲመለስ ሁለተኛ ሊቀባ ይችላል፤ ሜሮን ደግሞ እንደ ጥምቀት ሁሉ አይደገምም። እዚያው ሳለን፦ አባቱ የላቲን ካቶሊክ የሆነ ሕፃን በግእዝ ሥርዓት ስለተጠመቀ ብቻ የግእዝ አይሆንም፤ የአባቱን ይከተላል። ስለዚህ የሥርዓቱ ዓምድ ባዶ አይቅር።

ጋብቻም እንዲሁ ነው። በጋብቻ መዝገብ ብቻ ጽፎ መዝጋት ስሕተት ነው። ከሁለቱ በእያንዳንዳቸው የጥምቀት መዝገብ ኅዳግ ላይ መስፈር አለበት፤ ሌላ ቦታ ከተጠመቁም ለዚያ ቁምስና ደብዳቤ ይላካል። ካልተላከ ያገባ ሰው በመዝገብ ላጤ ሆኖ ይኖራል። ስርዝ ድልዝ አታድርጊ፤ ከተሳሳትሽ በአንድ መስመር ሰርዘሽ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ፣ ቆሞሱ ይፈርሙበት።

ወደ ጎረቤት ልምጣ። ባሕር ዳር ላይ የምንኖረው በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን መካከል ነው። ጎርጎራ ዳር የቆመው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ሕንፃ ፍርስራሽ፣ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የተባለበትም ዘመን ከሰው ልብ አልጠፋም። ካቶሊክ ሆነው የነበሩት አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን እምነት እስከመለሱ ድረስ ስንት ደም እንደፈሰሰ የጣና ዳር ሰው ያስታውሳል። በኛም በኩል ጎጃሜው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ እምነታቸው ምክንያት በእስራት ሞተዋል። ሁለቱንም ታሪክ በልቡ የያዘ ሰው ጎረቤቱን አይጎትትም፣ ራሱንም አይደብቅም። ስለዚህ ተልእኮ ማለት የሌላውን ምእመን መቁጠር አይደለም። ኦርቶዶክስ ሆኖ የተጠመቀ በፈቃዱ ቢመጣ እንደገና አይጠመቅም። ኦርቶዶክስ ጎረቤት ለልጅሽ ክርስትና ቢያነሣልሽ ይፈቀዳል፤ ከጎኑ ግን አንድ ካቶሊክ የክርስትና አባት ወይም እናት መኖር ግድ ነው (ቁ. 685)። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ይቀርና በጥምቀቱ ጧት ግርግር ይነሣል። ከ40ኛው ወይም ከ80ኛው ቀን ቀደም ብለሽ ጠይቂያቸው። የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ድብልቅ ጋብቻ ሲመጣም ፈቃዱን የሚሰጠው ሀገረ ስብከቱ ነው፤ የድግሱ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ማመልከት ዋጋ የለውም፣ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመው ይምጡ።

የሰፈር ማኅበራት ነገር ደግሞ አለ። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቤት ይበቃል። የሚመጣው እሑድ ወንጌል ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ የነካውን ሁሉም በአጭሩ ይናገራል፣ ከዚያ የታመመና የጠፋ ይጠየቃል፣ ሥራው ለአንድ ሰው በስሙ ይሰጣል። «እንጠይቀው» ብቻ ተባብለን የተለያየንበትን ሰው ማንም አይጠይቀውም። አንድ ሰዓት ይበቃል። የሚያፈርሳቸው ብዙ ጊዜ ድግስ ነው፤ አንዷ ዶሮ ወጥ ከሠራች ሌላዋ ተራዋ ሲደርስ ትቀራለች። ቡናና ቆሎ ብላችሁ ወስኑ። ወደ ዕቁብ እንዳይዞርም ተጠንቀቁ፤ ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ለብቻው።

ሙዳየ ምጽዋት ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ሆነው ይክፈቱት፣ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፣ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። ለድሆች የተሰጠ ገንዘብ ለቀለም አይውልም፣ ኋላ እንመልሳለን ተብሎም ቢሆን። እርዳታ የሚወስድ ሰው ፎቶ ይነሣ የሚል ቢመጣ እንቢ በዪ።

ሀገረ ስብከታችሁ ባሕር ዳር-ደሴ ገና ልጅ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ከአዲስ አበባ ከፍለው ያቆሙት ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ደብዳቤ በአዲስ አበባ በኩል ሊገኝ ስለሚችል የቆየ ነገር ስትፈልጊ እዚያም ጠይቂ።

መዝገቡን ስትረከቢ የመጨረሻውን ተራ ቁጥር ከአስረካቢው ጋር አብራችሁ አንብቡ፣ የጎደለ ገጽ ካለ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ፈርሚ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ በርበሬው በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይዞልሽ ይመጣል።

አባትሽ