በ13 ዓመቱ ተከላካይ የተባለ ልጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በባሕር ዳር የታዳጊዎች እግር ኳስ ምልመላ ረጅሙ ልጅ መሀል ተከላካይ፣ አጭሩ የመስመር ተጫዋች ተብሎ ሲደለደል እናያለን። ወንዶች ቁመት በፍጥነት የሚጨምሩት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው (የልደት ካርዱ እውነተኛ ከሆነ)፤ ሴቶች ደግሞ 12 አካባቢ። ቀድሞ ያደገው ልጅ እኩዮቹ ሲደርሱበት በጉልበት ይቀማው የነበረውን ኳስ ያጣል፤ ቅብብል ግን አልተማረም።

ቁመት በየሦስት ወሩ፣ ያለ ጫማ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ይለካ፤ ወደ ማታ ትንሽ ይቀንሳልና። ዕድገቱ ሲፈጥን ልጁ ኳስ መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። በዚያ ወቅት «ሰነፈ» ብሎ ማሰናበት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ካመመው ዝላይና ፈጣን ሩጫ ይቀነስለት።

ለግብ ጠባቂ ቁመት ይጠቅማል። ወንድ ልጅ አድጎ የሚኖረው ቁመት ግምት የአባትና የእናት ቁመት ተደምሮ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት ለሁለት ሲካፈል ይገኛል፤ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይም ሊዛነፍ ይችላል። ለአማካይ ተጫዋች ግን የምናየው ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ዙሪያውን መቃኘቱን ነው። እስከ 15 ዓመት ድረስ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይሰለፍ፤ ውጤቱ ቢበላሽም።

የታዳጊዎች አሰልጣኞች፣ ባሕር ዳር