በመጀመሪያው ቀን ዓሣ አትጨምሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ዓሣና አትክልትን ጓሮ ውስጥ በአንድ ላይ ስለማልማት፣ ማለትም አኳፖኒክስ ስለሚባለው ነገር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ያንን አንብቦ የጨረሰ ሰው በማግስቱ በርሜል ገዝቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ማታውኑ ዓሣ ይጨምርበታል ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ በሳምንቱ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፣ ሰውየውም «ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ በርሜሉን ይሸጣል። ስለዚህ እኔም ኮተቤ ባለችኝ ጠባብ ግቢ 500 ሊትር የዓሣ ገንዳና የገንዳው ውሃ በፓምፕ እየተሳበ የሚያልፍበት፣ ድንጋይ የተሞላ አንድ የአትክልት መደብ ይዤ የምሠራ ሰው ነኝና የቀረውን ልጨምርበት።

አኳፖኒክስ ውስጥ መጀመሪያ የሚረባው ዓሣ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን በአንድ መስመር አልፎታል። ዓሣ በልቶ አሞኒያ ያወጣል፣ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል። አሞኒያ ደግሞ ዓሣውን ራሱን ይገድለዋል። ድንጋዩና ቧንቧው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ኒትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ኒትሬት ያደርጉታል፣ አትክልቱ የሚወደው እሱን ነው። ባክቴሪያዎቹን ማንም አይሸጥላችሁም ማለቴ አይደለም፣ ግን መግዛት አያስፈልግም፤ በራሳቸው ይመጣሉ። ጊዜ ብቻ ይፈልጋሉ። ሞቅ ባለ ውሃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ በብርድ ከዚያም ይበልጣል።

እንዴት ነው የሚደረገው? የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ክሎሪን ደግሞ የሚገድለው እነዚሁኑ ባክቴሪያዎች ነው። ገንዳውን ሞልታችሁ ክፍቱን አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። ከዚያ ፓምፑን አስነሱና በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ መኖ ጣሉበት። ዓሣ የለም፣ አውቃለሁ። መኖው ይበስብስ፣ አሞኒያ የሚወጣው ከእሱ ነው። ጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች የውሃ መመርመሪያ ጠብታ አላቸው። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ቀድታችሁ ጠብ ጠብ ታደርጉበታላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዓይነት ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም ማለት ነው፣ አረንጓዴ ካለ አለ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ቀጥሎ ኒትራይቱ፣ ከዚያ ሁለቱም ወርደው ኒትሬት ብቻ ይቀራል። ዓሣ የሚገባው ያኔ ነው። ቀድሞ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ ከመደቡ አንድ ባልዲ ድንጋይ ለምናችሁ ውሰዱ፣ እንደ እርሾ ነው፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

ስለ ድንጋይ ካነሳን፣ ከውጭ የሚመጣ የሸክላ ኳስ እየፈለጋችሁ አትንከራተቱ። ቀይ አሽ አለልን! ያው መንገድና ግቢ ውስጥ የሚደፋው ቀይ አሽ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ባክቴሪያ ደግሞ ቀዳዳ ይወዳል። ዱቄቱን በወንፊት አስወግዳችሁ የባቄላ ፍሬ የሚያካክለውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን አስቀሩ። ከዚያ እጠቡት። መጀመሪያ የሚወርደው ቀይ ጭቃ ነው፣ ሁለተኛም ቀይ ነው፣ ሦስተኛም፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ አትሰልቹ፣ ካልታጠበ ፓምፑን ይደፍነዋል። ሌላ ዓይነት ጠጠር ካላችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከኮረፈ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርጋል፣ ተዉት። መደቡ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው፣ የሚይዘው መጠን ከገንዳው ጋር ቢመጣጠን ለጀማሪ በቂ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ጉዳይ ልምጣ። በአገራችን አኳፖኒክስ ሐዋሳና ሸዋ ሮቢት ላይ ተሞክሯል፤ ሁለቱም ከእኛ የሚሞቁ ቦታዎች ናቸው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፣ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይንቀራፈፋል፣ ወደ 16 አካባቢ መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባክቴሪያዎቹም ብርድ ላይ ይሰንፋሉ። ስለዚህ ገንዳውን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አስጠጉት፣ ግማሹን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ላዩን በላስቲክ ቤት ሸፍኑት። ካልሆነ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ያዙ፣ ብርድ ይችላል። ሰላጣው እንደሆነ ማዳበሪያው ከቆሮሶ ይምጣ ከካርፕ አይጠይቅም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ እዚህ ያለ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ነው የሚይዘው። ፈረንጆቹ መመሪያ ላይ «በዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚሉትን ቁጥር ቀጥታ ገልብጦ መሥራት አያዋጣም። እና መብራት! መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ገንዳው ከታጨቀ ደግሞ ዓሣው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታፈናል። ጠዋት ስትወጡ አፉን ከውሃው ወለል ላይ አስጠግቶ ገርበብ ገርበብ ሲያደርግ ካያችሁት አየር አጥቷል ማለት ነው። ያኔ ጆግ ይዛችሁ ውሃውን እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱበት፣ ልጆቹንም ጥሩ፣ ይወዱታል። መብራት እስኪመጣም ምግብ አትስጡት፣ በልቶ የሚፈጭ ዓሣ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግን ከውሃ ፓምፑ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ በኋላ እገዛለሁ አትበሉ።

ስንት ዓሣ? ለ500 ሊትር ቢበዛ 20። እኔ ጀማሪን 15 ይበቃሃል ነው የምለው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 20 ዓሣ እያንዳንዱ 200 ግራም ሲደርስ 4 ኪሎ ይሆናል። በቀን የክብደቱን 1.5 በመቶ ቢበላ 60 ግራም መኖ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ስለሚያስፈልግ፣ ከካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሰላጣ፣ ቆስጣ ወይም በሶብላ ትቀልባላችሁ። ቲማቲም ከዚህ በላይ ይፈልጋል፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይቆይ።

እዚህ ላይ ነው ከጽሑፋችሁ ጋር የማልስማማው። «ከጓሮዎ ዓሣ ያመርቱ» ብላችኋል። 4 ኪሎ ዓሣ፣ እሱም በእኛ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ምሳ ነው። የአዲስ አበባ ጀማሪ ይህን ነገር እንደ አትክልት ቦታ ይያዘው፣ ዓሣው ማዳበሪያ አቅራቢ ነው። ሰላጣውን በየሳምንቱ ትቀነጥባላችሁ፣ ዓሣው ከመጣ ምርቃት ነው። እንዲህ አስቦ የጀመረ አይበሳጭም። ‹የሌማት ትሩፋት› ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ዓሣ ብዙ እየተወራ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ኩሬ ቆፍሮ በሺህ የሚያረባና ግቢው ውስጥ በርሜል ያስቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይበቃቸውም። «የተሟላ ሲስተም» እያሉ በውድ የሚሸጡም አሉ። ከዋጋው አብዛኛው ለነጭ ቧንቧው ውበት ነው፣ ሠፈር ያለ የቧንቧ ሠራተኛ ያንኑ ይሠራላችኋል።

መኖውን በተመለከተ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው የሚሰጡ አሉ። ለኩሬ ይሆናል። ገንዳ ውስጥ ግን ዱቄቱ ተበትኖ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ድንጋዩ መሃል ገብቶ ይገማል። እንደ ፍሬ ተደርጎ የተሠራ የሚንሳፈፍ መኖ ባገኛችሁት ዋጋ ይሻላል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልበሉትን በመረብ አውጡ። አትክልቱ ላይ ተባይ ካያችሁ ፀረ ተባይ እንዳትረጩ፣ ወርዶ ዓሣውን ይጨርሳል፤ በእጅ ልቀሙት ወይም ቅጠሉን ቁረጡት። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የጎደለው ብረት ነው፣ የዓሣ መኖ ለአትክልት የሚበቃ ብረት የለውምና ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብረት ማዳበሪያ ትንሽ ጨምሩ። እንስሳ ያለበት ቤት መረብ ይክደን፤ ድመት ገንዳ ዳር ስትቀመጥ ለጸሎት አይደለም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ለጀማሪ ከባዱ የዓሣ ጫጩት በትንሹ ማግኘት ነው። ሰበታ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ዋና ሥራው ግን ምርምር ነው። 15 ጫጩት ብቻ ለሚፈልግ የከተማ ሰው ማን፣ የት፣ በምን ቀን እንደሚሸጥ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ በምን ዕቃ እንደሚጓጓዝ ጠይቃችሁ ብታወጡልን ከሌላ አንድ ገጽ ምስጋና ይበልጥብናል። ጫጩቱ ከመታዘዙ በፊት ግን አንባቢዎቻችሁ ውሃውን ያዘጋጁ፣ መመርመሪያው ቢጫ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ