ጨረሩን እንዳትተዪው

እህት ዓለሜ፣ እንዴት ነሽ? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ባለፈው እናትሽን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ አግኝቻቸው እያለቀሱ ሁሉንም ነገሩኝ። ጡትሽ በካንሰር ምክንያት ወጥቶ ወዲያው በሲሊኮን እንደተሠራልሽ፣ አሁን ደግሞ ሐኪሞቹ የጨረር ሕክምና ሲሉሽ «አዲሱን ያበላሽብኛል፣ ይቅርብኝ» እንዳልሽ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። ጡት አላሠራሁም፤ ጨረሩን ግን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ጨረስኩ። ከዚህ ከደብረ ብርሃን ከተማ 130 ኪሎ ሜትር በየቀኑ መመላለስ ስለማይሆን አክስቴ ቤት ከርሜ ከሰኞ እስከ ዓርብ እሄድ ነበር።

ፍርሃትሽ እውነት አለው። ሲሊኮኑ አይቀልጥም፣ ግን ዙሪያውን ያለው ሥጋ ሊጠነክርና ጡቱን ሊያጨማድደው ይችላል፤ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የምትገባም አለች። ከሆድ ሥጋ ተወስዶ የሚሠራው ጨረሩን የተሻለ ይችለዋል። ቢሆንም አንቺዬ፣ ጡት እንደገና ይሠራል። ጨረሩ የሚታዘዘው ቢላው ያልደረሰበት፣ በምርመራም የማይታይ የካንሰር ሴል ደረትሽ ወይም ብብትሽ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ እንዲያጠፋው ነው። እሱ ተመልሶ ሲመጣ ነው የሚከፋው።

ጨረሩ ሲሰጥ አያምም። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ያነሱሽና እናቶቻችን አንገታቸው ላይ እንደሚነቀሱት ያለ ትንሽ ነጥብ ደረትሽ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ክንድሽን ከራስሽ በላይ አንስተሽ ጥቂት ደቂቃ ሳትነቃነቂ መተኛት ነው። ለኔ የከበደኝ ይሄ ነበር፣ ክንዴ አልነሣ ብሎኝ። ሐኪምሽ ከፈቀደ ከአሁኑ ግድግዳ ላይ በጣቶችሽ ቀስ እያልሽ ሽቅብ ውጪ። የግራ ጡት ከሆነ አየር ስበሽ ትንፋሽሽን እንድትይዢ ሊሉሽ ይችላሉ፤ ልብን ከጨረሩ ለማራቅ ነው።

እኛ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ቆዳችን ይጠቁራል። ወደ መጨረሻው ብብቴ ሥር ተላጠና ነጠላ ሲነካኝ እንኳ ያቃጥለኝ ነበር። ነርሶቹን ሳትጠይቂ ምንም አትቀቢ፣ ቅቤም ቢሆን። ድካሙ ደግሞ ጨረሩ ካለቀ በኋላም ቆየብኝ። ልጅሽን ግን እንደልብሽ እቀፊ፤ ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ ሰው ላይም አይጋባም።

እናትሽ «ሸንኮራ ዮሐንስ ትምጣልኝ» ይላሉ። ጸበሉን እኔም ተጠምቄያለሁ፣ አንቺም ስትመጪ አብረን እንሄዳለን፣ ግን ጨረሩን ጨርሰሽ፣ ቆዳሽም ድኖ። ቀጠሮሽን እስኪ ጻፊልኝ። ሌሊት ቢሆንም ደውዪ፣ አነሣለሁ።