ስለ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ አቋም በክፍል ስለሚደረገው ውይይት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለንደን በሚገኘው የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የከፍተኛው ክፍል ተማሪዎች የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ስላላቸው ሰዎች) በያዘችው አቋም ላይ በቅርቡ ስለሚያደርጉት ውይይት አስቀድማችሁ እንድታውቁና አስተያየታችሁን እንድትሰጡን ነው።

ተማሪዎቹ የወደዱትን መጽሐፍ በአማርኛ እንዲያስተዋውቁ ታዘው አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ይዛ ቀረበች። ንግግሯን ሳትጨርስ አንዱ ተማሪ የዚህችን ጸሐፊ መጽሐፍ ማንበብ ነውር እንደሆነ ተናገረ፤ ሌላዋ ደግሞ «እውነት ስለተናገረች ነው የምትጠሏት» ስትል መለሰችለት። መምህራቸው ጸሐፊዋ በትክክል ምን እንዳለች ሲጠይቃቸው ግን አንዳቸውም ሊያስረዱ አልቻሉም። እኔን ያሳሰበኝ ክርክሩ ከንባብ ሳይሆን ከወሬ የመነጨ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ውይይታችን የሚነሳው ከተጻፈውና ከተነገረው ይሆናል። ሮውሊንግ በጁን 2020 ባወጣችው ረጅም ጽሑፍ እንደ መጠለያና ልብስ መቀየሪያ ያሉ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ቦታዎች እንዳይቀሩ መስጋቷን፣ ጾታቸውን ለመቀየር የሚወስኑ ወጣት ሴቶች ቁጥር መጨመሩም እንደሚያሳስባት ገልጻለች፤ በትዳሯ የደረሰባትን ጥቃትም የነገረችው በዚሁ ጽሑፍ ነው። እዚያው ላይ አብዛኞቹ ትራንስጀንደር ሰዎች ለማንም ስጋት እንዳልሆኑና ጥበቃ እንደሚገባቸው መጻፏን የሚደግፏትም የሚቃወሟትም ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በሌላ ወገን በፊልሞቹ ሃሪን ሆኖ የተጫወተው ዳንኤል ራድክሊፍ ትራንስ ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ትራንስጀንደር ሰዎች) ሴቶች እንደሆኑ፣ ይህን መካድም ማንነታቸውንና ክብራቸውን እንደሚነካ በይፋ ተናግሯል። ተቺዎቿ የእርሷን ያህል ዝና ያለው ሰው ንግግር ቀድሞውኑ ለስድብና ለጥቃት የተጋለጡ ጥቂት ሰዎችን ኑሮ ያከብዳል ይላሉ፤ በ2024 በስም የጠቀሰቻቸውን ትራንስ ሴቶች ወንዶች ናቸው ብላ መጻፏንም በማስረጃነት ያነሳሉ። ተማሪዎቻችን ይህን ሁሉ ሳይቆራርጡ እንዲያነቡት እንፈልጋለን።

ሕጉንም እንዲሁ። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ተፈጥሯዊ ጾታን እንደሆነ ወስኗል፤ በዚያው ውሳኔ ግን ትራንስጀንደር ሰዎች ከመድልዎ የሚጠበቁበት የሕግ ከለላ እንዳልተነሳ አስረድቷል። ከውሳኔው ግማሹን ብቻ የሚጠቅስ ተማሪ፣ የየትኛውም ወገን ደጋፊ ቢሆን፣ ሌላውን ግማሽ እንዲያነብ ይጠየቃል።

የውይይቱ ዋና ሥርዓት አንድ ነው፤ ማንም ተማሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ባለሐሳቡም «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪለው ድረስ ወደ መልሱ አይሄድም። በእኛ ቋንቋ ይህን ማድረግ ለልጆቹ ከባድ ልምምድ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህም መምህሩ ሁለት ጊዜ ከፋፍሎ ያካሂደዋል።

አንዳንድ ወላጆች ጉዳዩን ዝም ብለን ብናልፈው እንደሚሻል ነግራችሁኛል። ስጋታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጆቻችን ይህን ነገር በመደበኛው ትምህርት ቤታቸውም በስልካቸውም ሲሰሙት ይውላሉ፤ እኛ ዝም ብንል የሚያጡት የሚያዳምጣቸውን ትልቅ ሰው ብቻ ነው። የእንግሊዝ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አከራካሪ የፖለቲካ ጉዳዮችን ሚዛናዊ አድርገው እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ እኛም ይህንኑ ለራሳችን መመሪያ አድርገናል። ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም የሆነ ልጅ ከእምነቱ የተማረውን ያለ ሐፍረት መናገር ይችላል። በዚያው ልክ ማንንም ሰው በስድብ መጥራት ወይም በማንም መሣቅ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በክፍሉ ውስጥ ጉዳዩ ራሱን ወይም ወንድም እህቱን የሚነካው ልጅ ሊኖር ይችላልና። ስለ ግል ሕይወቱ እንዲናገር የሚጠየቅ ተማሪ አይኖርም።

ማንኛውም ወላጅ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ መከታተል ይችላል፤ ተማሪዎቹ የሚያነቧቸው ጽሑፎችም አስቀድመው በየቤታችሁ ይደርሷችኋል። ልጃችሁ እንዲሳተፍ የማትፈልጉ ከሆነ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በጽሑፍ አሳውቁን፤ በዚያ ሰዓት ከሌላ መምህር ጋር የንባብ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ምክንያታችሁንም አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር