ለአልማዝ፣ ስለ መድኃኒትሽ

ውድ ወዳጄ አልማዝ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ያሳፍረኛል። ባለፈው ቅዳሜ እህትሽን ገበያ አገኘኋት። ለኮሌስትሮል ሮሱቫስታቲን እንደ ጀመርሽ፣ ከራት በኋላ ቃር ሲያስቸግርሽ ደግሞ የሚታኘከውን ማስታገሻ ከእርሱው ጋር እንደምትወስጂ ነገረችኝ። ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ።

አልሙዬ፣ አንድ ላይ አትውሰጃቸው። አልሙኒየምና ማግኒዚየም ያለበት ማስታገሻ፣ የሚታኘክም ይሁን ነጩ ፈሳሽ፣ ወደ ደምሽ የሚገባውን ሮሱቫስታቲን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በስንት ልፋት የገዛሽውን መድኃኒት ግማሹን ደፋሽው ማለት ነው። የኮሌስትሮሉን አስቀድሚ፤ የቃሩን ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ውሰጂ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ቢታዘዝልሽ ግን ይህ ችግር የለበትም።

እኔን ያገኘኝ ከዚህ የባሰ ነው። እኔም ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ማታ ማታ እንደምወስድ ታውቂያለሽ። አምና ከፋሲካ በኋላ ጨጓራዬ ተነሣብኝና ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ ኦሜፕራዞል፣ ከባክቴሪያ ማጥፊያዎቹ ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሳምንት ሳይሞላ ጭኖቼ እንደ ተወቀጡ ሆኑ። ከበርጩማ ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ሽንቴ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቁሮ ሳየው ደነገጥኩና ሐኪም ቤት ሄድኩ።

እኔ ኦሜፕራዞሉን ነበር የጠረጠርኩት። ለካስ ክላሪትሮማይሲን ጉበት ሲምቫስታቲንን እንዳያስወግድ ያግደዋል! መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማችና ጡንቻን ያፈርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለቱ ፈጽሞ አብረው መሰጠት የለባቸውም። ሌላው የኮሌስትሮል መድኃኒት አቶርቫስታቲንም ቢሆን ከክላሪትሮማይሲን ጋር መጠኑ ይገደባል። ያንቺው ሮሱቫስታቲን በዚህ በኩል ይሻላል፤ ቢሆንም ያለ ምክንያት የጡንቻ ሕመም ከተሰማሽ፣ ይልቁንም ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ውለሽ አትደሪ። እኔን ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ፣ ሲምቫስታቲኑም ተቋርጦ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ኩላሊቴ ተረፈ።

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ ከነካርቶኑ በአንድ ፌስታል አድርጊና ለፋርማሲስቱ አሳዪው። አፍሬ ዝም ያልኩበት ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። የኮሌስትሮሉን ግን ፈርተሽ በራስሽ አታቁሚ፤ ሐኪምሽን ጠይቂ።

መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ። እስከዚያው የማስታገሻውን ስም ከካርቶኑ ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ